ቁጥር ብቻ

ሰኞ ገና ሳይነጋ ተነሣሁ፤
አካፋ ይዤ መኪናዬን ከበረዶ ውስጥ አወጣሁ።
ከሜን ሰሜን ጫፍ፣ ከሸለቆዬ፣ እስከ ምክር ቤቱ
አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ የድንች ማሳ፣ ጥድ፣ ደግሞ ጥድ፣ ነጭ በነጭ ግራ ቀኝ ፊቱ።

ሃያ ሁለት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤
የትኛው መታጠፊያ ላይ የትኛው ልጅ እንደሚያስመልሰው አውቃለሁ።
"ኦዴት፣ መሪ የለመደ እጅ አገርም ይመራል" ብለው መረጡኝ፤
እዚህ ግን ከመሪው ራቅ አድርገው፣ ከኋላ ወንበር አስቀመጡኝ።

ረቂቄ ቁጥሩ አንድ ሺህ አርባ ነው፤ ርእሱ ረጅም።
ባጭሩ፦ የሸለቋችን ማዋለጃ ክፍል ይከፈት፤ ሌላ አይደለም።
በሩ ከተዘጋ ሦስተኛ ክረምቱ፤
ምጥ የያዛት ሁሉ ዘጠና ኪሎ ሜትር ትነዳለች በሌሊቱ።

ማክሰኞ ኮሚቴው ፊት ቆምኩ፤ ሦስት ደቂቃ ተሰጠኝ፤
አረንጓዴ፣ ቢጫ፤ ቀይ ሲበራ፣ በልማድ፣ እግሬ ፍሬን ፈለገብኝ።
ሰብሳቢው ዊትኮም፣ ደግ ሰው፣ ሳል የያዘው፣
"ዐሳቡ መልካም ነው፤ ገንዘቡን ከየት እናምጣው?
ይደር" አለ።
እዚህ ቤት "ይደር" ማለት ይተኛ ማለት ነው፤
ተኝቶ የነቃ ረቂቅ ያየም የለ ከኛ ሰው።

ረቡዕ፣ ድንች የግዛታችን ይፋ አትክልት እንዲሆን ድምፅ ሰጠን፤
የአራተኛ ክፍል ልጆች ከሰገነቱ ቁልቁል እያዩን።
አንድ ተቃውሞ የለም፤ መቶ አርባ አንድ እጅ፤
እኔም አነሣሁ፣ ምን ላድርግ፣ የድንች ገበሬ ልጅ!
ድንቹም መጥቶ ነበር፣ ታጥቦ፣ ሪባን ታስሮለት፤
የበቀለበት ማሳ ስም ከጎኑ ተጽፎ፣ በወፍራም ወረቀት።

ሐሙስን አላስታውሰውም። ቀዝቃዛ ሳንድዊች ነበር።

ቅዳሜ በየደጁ ዞርኩ። ሽማግሌው ሬያል ዘጠኝ ጊዜ ደውሎልኛል፦
"በረዶ ጠራጊው መኪና የፖስታ ሣጥኔን ዘንድሮም ገጭቶ ጥሎታል፤
መንግሥት አለ ወይስ የለም?" "አለ" አልኩት፤ "ግን ቀስ ይላል።"
ከመኪናዬ መዶሻ አወጣሁ፤ እሱ ምስማር አቀበለኝ፤
በዚያ ሳምንት ካነሣሁት ነገር ሁሉ፣ ያ ሣጥን ብቻ ነው የቆመልኝ።

ቀጥሎ የሶላንዥ ቤት።
አውቶቡሴ ላይ ሦስተኛው ወንበር፣ መስኮቱ ጋ፣ ትቀመጥ ነበረች፤
አሁን ልጅ ታቅፋ በሩን በክርኗ ከፈተች።
ጥር ላይ፣ ባሏ እየነዳ፣ ከጥዱ መሐል፣
ሕፃኗ አልጠበቀችም። መኪናው ዳር ያዘ። የቀረውን ሸለቆው ሁሉ ያውቃል።

ስለ ማዋለጃው ልትጠይቀኝ ነው ብዬ መልስ አዘጋጀሁ፤
"ይደር ተብሏል" የሚለውን አለሳልሼ ምላሴ ጫፍ አደረስሁ።
እሷ ግን ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣች፣ የልደት ምስክር፤
"እስቲ እዪልኝ፣ የትውልድ ቦታ ከሚለው ፊት ያለውን ነገር።"
ያ ጫካ ከተማ የለውም፤ ሰው ያልሠፈረበት ምድር ነው፤
የድሮ ቀያሾች በገመድ ለክተው፣ ቁጥር ሰጥተው የተዉት ነው።
ቀጠና አሥራ አራት፣ ረድፍ ስምንት። በቃ።
"የት ተወለድኩ ብትለኝ፣ ምን ልበላት?" አለች።

እኔም ቦርሳዬ ውስጥ ቁጥር ነበረኝ፤ አላወጣሁትም።
ሕፃኗ ጣቴን ያዘች፣ አጥብቃ፣
መሪ እንደሚያዝ።

እሑድ ማታ ሻንጣዬን ትቼ አዲስ ረቂቅ ጀመርኩ፤
"ያ ጫካ ስም ይኑረው" የሚል። አንዲት ዐረፍተ ነገር፤
ሳንቲም አትጠይቅም። እንደ ድንቹ ታልፋለች፤ ልጆች ከሰገነት ያያሉ፤
ዊትኮም ሳሉን ውጦ ያጨበጭባል፤ ሁሉም ያጨበጭባሉ።

ሰረዝኩት።

የሶላንዥን ወረቀት ግልባጭ ከአንድ ሺህ አርባ በላይ አደረግሁ።
ማያያዣ አጣሁ። ኪሴ ውስጥ የሬያል ምስማር ተርፎ ነበር፤
በእሱ በሳሁት።
ውጭ መዝነብ ጀምሯል፣ ነጩ፤
አካፋው በሩ ጋ ነው።